የሚነበበው በቤት፣ የሚሠራው በጉባኤ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሮች ስም የተነገረ)



እንደዚህ ባለው የበዓል ቀን የመሥራቾችን ድካም ማንሣት፣ የተሠራውን ሕንፃ ማድነቅ፣ ከዚህ ተምረው ለወግ ለማዕርግ የበቁትን መቍጠር የተለመደና የተገባ ነው። ይህንንም ከእኛ በፊት የተናገሩት አባቶች በሚገባ ፈጽመውታል። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ግን በተፈቀደልን አጭር ጊዜ ብዙ ጊዜ ስለማይነሣ አንድ ነገር ልናወሳ ወደድን፤ ይኸውም አስተማሪው ራሱ እንዴት ይማራል የሚለው ጥያቄ ነው።

«ይህ የተማሪ ጉዳይ ነውን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ከማንም ይልቅ የተማሪ ጉዳይ ነው እንላለን። አንድ አሠልጣኝ ሠላሳ መምህራንን ቢያሠለጥን፣ ከእነርሱም እያንዳንዱ በየዓመቱ በመቶ የሚቈጠሩ ልጆችን ቢያስተምር፣ የዚያች ሥልጠና ጥቅምም ሆነ ጉዳት በመጨረሻ የሚያርፈው በልጆቹ ላይ ነው። ምንጩ ሲደፈርስ የሚቀዳው ሁሉ ይደፈርሳልና። የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሸክሙን ሁሉ በመምህራን ትከሻ ላይ መጫንም ግፍ ነው። ሆኖም የመምህሩ ዝግጅት ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን የሚክድ የለም።

ዛሬ መምህራንን ማሠልጠን በሁለት መንገድ ይደረጋል። አንደኛው የቆየው ነው፤ መምህራን ከየትምህርት ቤታቸው ተጠርተው በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ከአሠልጣኙም ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ይማራሉ። ሁለተኛው በቅርብ ዘመን የመጣው ነው፤ ትምህርቱ በኢንተርኔት ይላካል፤ መምህሩም ባለበት ሆኖ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ይከታተለዋል። ሁለቱን አጣምሮ መሥራት ቅይጥ ሥልጠና ይባላል። ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ስለዚህ ቅይጥ ነው፤ ይልቁንም በየትኛው መንገድ ምን ይሰጥ ስለሚለው ነው። ጤፍና ገብስ ስለ ተቀላቀለ ብቻ እንጀራው መልካም እንደማይሆን እናቶቻችን ያውቃሉ፤ መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ትምህርት ቤት ተማሪው ከጉባኤው ፈንጠር ብሎ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ፣ ብቻውን ቅኔውን ያወጣል ያወርዳል። ይህ ቈጠራ ይባላል። ከዚያ በኋላ ወደ መምህሩ ቀርቦ የቈጠረውን ይናገራል፤ ይህም ነገራ ይባላል። መምህሩም የተሳሳተውን ያርሙለታል፣ የጎደለውን ይሞሉለታል፤ ጓደኞቹም ከእርሱ እርማት ይማራሉ። እንግዲህ አባቶቻችን ሥራውን ለሁለት ከፍለውታል፤ በብቸኝነት የሚሻለው በብቸኝነት፣ በመምህር ፊት የሚሻለው በመምህር ፊት። መምህሩ ተማሪው ሲያስብ አጠገቡ ተቀምጠው አይውሉም፤ ተማሪውም ያልታረመ ቅኔ ይዞ አይሄድም።

በዘመናዊውም ትምህርት ቢሆን አካባቢያችን የመምህራን ሥልጠና ታሪክ አለው። በ1940ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ በዩኔስኮ ረዳትነት የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች መምህራን ማሠልጠኛ የተቋቋመው ከመንዝ ደጋ በታች ባለችው በማጀቴ ነበር፤ ኋላም ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ የሰሜን ሸዋ መምህር ልሠልጥን ሲል ፊቱን የሚያዞረው ወደ ደብረ ብርሃን ነው፤ የመምህራን ኮሌጁም፣ በ1999 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲም በዚያው ይገኛሉ።

ነገር ግን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ወደ ደብረ ብርሃን መሄድ ቀላል አይደለም። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ራቤል ከዚያም ትርቃለች፤ መርሐ ቤቴም በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች የተከበበች ስለ ሆነች ከዓለም ከተማ የተነሣ መንገደኛ በረሃ ወርዶ ዳገት ሳይወጣ የትም አይደርስም። ሥልጠናው አምስት ቀን ቢሆን መሄጃውና መመለሻው ሲጨመር መምህሩ ከክፍሉ ከሳምንት በላይ ይርቃል። በዚያ ሳምንት እኛ ምን እንሆናለን? ክፍሉ ባዶ ይሆናል፤ ወይም አለቃው ከመጽሐፍ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛም እንገለብጣለን። ሥልጠናው በክረምት ቢሆን ክፍል አይጓደልም፤ ነገር ግን ጭቃው መንገዱን ይይዛል፤ መምህሩም ቤተሰቡን የሚረዳበትንና የሚያርፍበትን ጊዜ ያጣል።

ይህ ሁሉ ድካም ለሚገባው ነገር ቢሆን ማንም አያጕረመርምም። የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ከመምህራን እንደምንሰማው በአንዳንዱ ሥልጠና አሠልጣኙ በግድግዳ ላይ የበራውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነብባል፤ ሠልጣኞቹም በማስታወሻቸው ይጽፋሉ። ወረቀቱ ተልኮላቸው ቢሆን በአንድ ምሽት ይጨርሱት ነበር። ያን ያህል አገር አቋርጦ የተሰበሰበ ሰው ብቻውን ሊያነብበው የሚችለውን ነገር ሲነበብለት መዋል ጊዜንም ገንዘብንም ማባከን ነው።

ሁለተኛው መንገድ ብቻውን ሲቆም ምን እንደሚሆን ደግሞ አገራችን አይታዋለች። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት ይሰራጭ ነበር፤ ሕዝቡም በመሣሪያው ስም «ፕላዝማ» ይለው ነበር። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የገጠሩም ልጅ ከከተማው ልጅ ጋር አንድ ዐይነት ትምህርት እንዲያገኝ ነው። ነገር ግን ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ፈጥኖ ይነገር ነበር፤ ተማሪ እጁን ቢያነሣ የሚያየው፣ «አልገባኝም» ቢል የሚሰማው አልነበረም። መብራት ቢጠፋ የዕለቱ ትምህርት አልፎ ይሄዳል፤ በማግሥቱም የሚቀጥለው ይመጣል። በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህርም የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል እንደ ተማሪዎቹ ተመልካች ሆኖ ያሳልፍ ነበር።

ከዚያም በኋላ የመጡትን ዓመታት እኛው ራሳችን እናስታውሳለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፍ ጀመር፤ መሣሪያው ያለው ሰማ፣ የሌለው ከብት ጠበቀ። በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ወደ መንዝ ዘለቀ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ከዚህ የተማርነው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ አዳራሹ ይቀራል፣ መስመር ሲቋረጥ ኢንተርኔቱ ይቀራል። በአንድ እግሩ የቆመ ሥልጠና አንድ ድንጋይ ይጥለዋል።

ወደ ውጭ አገርም ብንመለከት በርቀት በማስተማር የታወቁት ሰዎች መገናኘትን ፈጽመው አልተዉም። የእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ተቋቍሞ በ1971 ተማሮችን መቀበል ሲጀምር መጻሕፍቱን በፖስታ ይልክ፣ ትምህርቱን በቢቢሲ ያሰማ ነበር፤ ነገር ግን በበጋ ወራት ተማሮቹን ሰብስቦ በቤተ ሙከራና በውይይት ያሠራቸው ነበር። ታንዛንያም በ1970ዎቹ ልጆቿን ሁሉ ለማስተማር በተነሣች ጊዜ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ መምህራንን ከየመንደራቸው ሳታርቅ አሠልጥናለች፤ የተላከላቸውን ትምህርት ያነብባሉ፣ ሬዲዮ ያዳምጣሉ፣ በየክፍላቸውም እያስተማሩ ይታያሉ። በ2010 ደግሞ የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት ብዙ ጥናቶችን አመዛዝኖ ባወጣው መግለጫ ቅይጡ ፊት ለፊት ብቻ ከሚሰጠው ትምህርት የተሻለ ውጤት እንዳሳየ ገልጿል። ከዚህ ጋር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ፤ በቅይጡ የተማሩት ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ የመማሪያ ሰዓትና ተጨማሪ መሣሪያ አግኝተው ነበርና ብልጫው የማሽኑ ነው ማለት አይቻልም አለ። ይህ ቃል በልባችን ሊቀመጥ ይገባል። ሰዓት ሳይጨምር ስልክ ብቻ የሚጨምር ሥልጠና ብዙ ፍሬ አይጠበቅበትም።

በአገራችንም ሁለቱም መንገዶች በየፊናቸው ሲሠራባቸው እናያለን። በ1996 ዓ.ም የተጀመረው የመምህራን አሠልጣኞች የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ መምህራን በየሥራ ቦታቸው እየተገናኙ ስለ አስተማመራቸው እንዲመረምሩ ያደርጋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2022 ወዲህ ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር በመሆን «ኢ-ሺ» በተባለው ፕሮግራም የዩኒቨርሲቲ መምህራን በኢንተርኔት ማስተማርን በኢንተርኔት እንዲሠለጥኑ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም ክረምትም በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው ሠልጥነዋል። ሁለቱም መልካም ጅምር ነው። የእኛ ምኞት ሁለቱ መንገዶች በአንድ መምህር ላይ፣ በመንዝና በግሼ፣ በመርሐ ቤቴም፣ በሥርዐት እንዲገናኙ ነው።

እንግዲህ በየትኛው ምን ይሰጥ? አሳባችንን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ።

ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ባወጡት ጥናት መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አገኙ። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ በጠበቁ ጊዜ ግን የተማሮቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ይህን ነገር አሁን እኛ በአንድ ደቂቃ ተናገርነው፤ በስልክ ቢላክም በአንድ ደቂቃ ይነበባል። ስለዚህ ይህን ለመስማት ደብረ ብርሃን ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ነገር ግን አንብቦ ማወቅና ማድረግ የተለያዩ ናቸው። በክፍል ፊት ቆሞ፣ ስድሳ ዐይን እያየው፣ ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት ለመምህር ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ የቆመበት ያውቀዋል። መምህሩ ጠበቅሁ ብሎ ያስባል፤ ከኋላ ሰዓት ይዞ የተቀመጠው ባልደረባው ግን አለመጠበቁን ያያል። ይህን የሚያሳየው ስልክ አይደለም፤ አጠገቡ ያለ፣ የሚያከብረው፣ እውነቱንም በደግ ቃል የሚነግረው ሰው ነው። ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን እንላለን፤ የሚነበበው በቤት ይነበብ፤ የሚሠራው በጉባኤ ይሠራ።

ይህም በአገራችን ደጋ በሦስት ደረጃ ሊፈጸም ይችላል።

አንደኛ፣ ከስብሰባው በፊት ጽሑፉና የተቀረጸው ትምህርት ለመምህሩ ይድረሰው። ኔትወርክ ባለበት በቴሌግራም ይላክ፤ በሌለበት በሚሞሪ ካርድ ተጭኖ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወደ ትምህርት ቤቱ በሚሄድ ሰው እጅ ይላክ። ካርዱ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ስልኩም በፀሐይ ብርሃን መሣሪያ ይሞላል። ጽሑፉ አጭር ይሁን፤ በመጨረሻውም መምህሩ ከገዛ ክፍሉ አይቶ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ይኑርበት። ጥያቄውን ያልመለሰ ሰው ወደ ስብሰባው ባዶ እጁን እንዳይመጣ ነው።

ሁለተኛ፣ ስብሰባው አጭርና ቅርብ ይሁን። የጎረቤት ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከላቸው ሁለት ቀን ቢገናኙ ይበቃል። በዚያ ማንም ረጅም ጽሑፍ አያንብብ። እያንዳንዱ መምህር በባልደረቦቹ ፊት አሥር ደቂቃ ያስተምር፤ እነርሱም መጀመሪያ ያማረውን፣ ቀጥለውም ሊሻሻል የሚገባውን አንድ ነገር ይንገሩት፤ ከዚያ ያንኑ ትምህርት እንደ ገና ያስተምር። ቅኔው እንደ ታረመ ሁሉ ትምህርቱም ይታረማል። አሠልጣኙም ራሱ በፊታቸው አስተምሮ መታረም ይገባዋል፤ ሌላውን አርም ተብሎ ራሱ የማይታረም መምህር ምሳሌ አይሆንምና።

ሦስተኛ፣ ከስብሰባው በኋላ ነገሩ አይረሳ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መምህሩ በክፍሉ የሞከረውን፣ የተሳካውንና የከሸፈውን በድምፅ ቀርጾ ወይም ጽፎ ይላክ፤ ባይቻል በስልክ ይንገር። አንድ ጊዜ ደግሞ ባልደረባው ክፍሉ ድረስ ገብቶ ይየው። የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠለጥን ይጠይቃል፤ እነዚህ ሦስቱ ደረጃዎች በዚያ ሰዓት ውስጥ ሊደለደሉ ይችላሉ።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ ከመምህራኖቻችንም ሰምተናል።

የመጀመሪያው ስለ አበል ነው። መምህር በስብሰባ ጊዜ ጥቂት አበል ያገኛል፤ ደመወዙ ኑሮውን ለማይሸፍንለት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሥልጠናው ወደ ቤት ሲገባ አበሉ ይቀራል፤ የዳታው ወጪ ግን በራሱ ኪስ ላይ ይወድቃል፤ የሚያነብበውንም ሰዓት የሚቈጥርለት የለም። ይህ ቅሬታ እውነት ነው። ቅይጥ ሥልጠና ወጪን ከመንግሥት ወደ መምህሩ የማዞሪያ ዘዴ ከሆነ ተንኰል እንጂ ትምህርት አይደለም። ከመጓጓዣ የተረፈው ገንዘብ ለሚሞሪ ካርድና ለዳታ ይዋል፤ የንባቡም ሰዓት ከ60ው ሰዓት ይቈጠር።

ሁለተኛው ስለ ሴቶች መምህራን ነው። አንዳንዱ ሰው «በቤት መማር ለሴቶች ይመቻል» ይላል። እኅቶቻችን ግን በቤት ውስጥ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። ሕፃን ጥሎ ለአንድ ሳምንት ደብረ ብርሃን መሄድ ከባድ ነው፤ ከእሳትና ከልጅ ጋር እየታገሉ በምሽት ማንበብም ከባድ ነው። ስለዚህ «በቤት ይነበብ» ስንል ከተቻለ በትምህርት ቤቱ፣ በሳምንት አንድ የታወቀ ሰዓት ተለይቶ እንዲነበብ ነው። ያን ሰዓት ርእሰ መምህሩ እንደ ክፍለ ጊዜ አድርገው ቢጠብቁት ወንዱም ሴቷም እኩል ይማራሉ።

ሦስተኛው በጣም ይከብዳል። መንገዱም መስመሩም በአንድነት ቢዘጉስ? እንዲህ ያለውን ጊዜ አይተናል፤ ሙሉ መልስም የለንም። ነገር ግን ሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በእግር መገናኘት ከቻሉ፣ ካርዱም ቀድሞ በእጃቸው ካለ፣ ሥልጠናው ፈጽሞ አይሞትም። ለክፉ ቀን እህል በጎተራ እንደሚቀመጥ ትምህርትም ቀድሞ ሊቀመጥ ይገባዋል።

የተከበራችሁ ስብሰባችን፤ ከእኛ መካከል ጥቂቶች መምህራን ለመሆን አስበናል። ምናልባትም በራቤል ወይም በሞላሌ፣ አለዚያም በጀማ ማዶ ባለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት እንመደብ ይሆናል። በዚያም ብቻችንን እንዳንቀር እንፈልጋለን። ስለዚህ አሠልጣኞችን እንለምናለን፤ ስንሰበሰብ አታንብቡልን፣ አሠሩን እንጂ። የትምህርት መሪዎችንም እንለምናለን፤ የመምህሩን የንባብ ሰዓት አክብሩለት። እናንተም መምህራኖቻችን፣ አንዳችሁ ሌላችሁን በክፍል ገብታችሁ ለማየትና ለመታየት አትፈሩ።

ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ተማሮች ደግሞ አንድ ቃል አለን። በሚመጣው ሳምንት መምህራችሁ ጠይቀው ዝም ቢሉ፣ ከኋላም ሌላ መምህር ሰዓት ይዘው ቢቀመጡ፣ አትሣቁ፣ አታንሾካሹኩም። መምህራችሁ ለእናንተ ሲሉ እየተማሩ ነው። በዚያች ዝምታ ውስጥ አስቡና እጃችሁን አንሡ።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለመምህራኖቻችን ጤና፣ ለአገራችንም ሰላም እንመኛለን።